ለጎረቤቴ ቀብር የተዘመረው መዝሙር

ባለፈው ወር እዚህ አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ጎረቤቴ የነበሩ አዛውንት ዐርፈው በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ሲደረግላቸው ተገኝቼ ነበር። ከመንበሩ አጠገብ ጊታር የያዘ ሰው ሳይ ቅር አለኝ፤ በከበሮና በጸናጽል ያደገ ሰው ጊታርን የሚያውቀው በሌላ ቦታ ነውና። ዝማሬው ሲጀመር ግን ከፊቴ የተቀመጡት ባልቴት መጽሐፉን ሳይገልጡ፣ እንባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ እስከ መጨረሻው ዘመሩ፤ የልጅ ልጆቻቸውም አብረዋቸው ዘመሩ።

መዝሙሩ «አትፍራ» የሚለው ሲሆን «በውኃ ውስጥ ባለፍህ ጊዜ ከአንተ ጋር እሆናለሁ» ከሚለው ከኢሳይያስ 43 የተቀዳ ነው። ደራሲው ቦብ ደፎርድ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ከተማ፣ በሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ ከተገናኙት አምስት ወጣት ኢየሱሳውያን (የአንድ ካቶሊካዊ የመነኮሳት ማኅበር አባላት) አንዱ ናቸው። የካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 በላቲን ይደረግ የነበረው ቅዳሴ በሕዝቡ ቋንቋ እንዲሆን በሩን ሲከፍት፣ ሕዝቡ በእንግሊዝኛ የሚዘምረው ገና ጥቂት ነበርና እነዚህ ወጣቶች ዘመኑ በወደደው የጊታር ዜማ የመጽሐፍ ቅዱስን ቃል አዜሙ። የላቲኑን ዜማ የሚወዱ ካቶሊኮች እስከ ዛሬ ይነቅፏቸዋል፤ ነቀፋው ይገባኛል፤ የባልቴቷ ድምፅ ግን ከጆሮዬ አልወጣም።

ጊታር ይግባልን አላልሁም፤ የቅዱስ ያሬድን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ዜማዎች በምንም አልለውጥም። የቆጨኝ ሌላ ነው። እዚህ የተወለደችው ልጄ በእኛው ቤተ ክርስቲያን በየእሑዱ ነጠላዋን አጣፍታ ቅዳሴውን ሙሉ ትቆማለች፤ ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ሲል ግን ፊደል ስለማትለይ ከንፈሯ አይንቀሳቀስም። ከቀብሩ በኋላ በቅዳሴ ጊዜ ሕዝቡ የሚመልሰውን ተሰጥኦ በላቲን ፊደል ጽፌ፣ ከሥሩ ትርጉሙን አክዬ፣ በ40 ቅጂ አባዝቼ ለልጆቹ አደልሁ። ቅዳሴው ሳይጀመር አንድ የሰበካ ጉባኤ አባል እየዞሩ ከእጃቸው ሰበሰቡትና «ፊደሉን ይማሩ እንጂ ግዕዝ በፈረንጅ ፊደል አይነበብም» አሉኝ። ፊደሉን ቢማሩማ ማን ይጠላል? ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት እንዲጀመር ሁለት ጊዜ ጠይቄ አስተማሪ የለም ተብያለሁ። እንግዲህ እስኪማሩ ድረስ እንደ እንግዳ ዝም ብለው ይቁሙ ማለት ነውን?

የልጄ ወረቀት ብቻ ነጠላዋ ሥር ቀርቶ ኖሮ፣ «እግዚኦ» ሲባል ድምፅዋን ሰማሁት። የተሰበሰቡትን 39 ቅጂዎች ዳግም አባዝቼ በሚመጣው እሑድ ይዤ እሄዳለሁ።