ማስተካከያ፦ ስለ ራስበሪ ፓይ 5 ቻርጀር

ባለፈው ሳምንት ራስበሪ ፓይ ስለሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ስጽፍ «የፓይ 4 ቻርጀር ለፓይ 5ም ይበቃል» ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። የፓይ 4 ቻርጀር 5 ቮልት 3 አምፒር ነው። ለፓይ 5 የሚመከረው 5 ቮልት 5 አምፒር ነው። በ3 አምፒሩም ይነሳል፤ ያሳሳተኝም ይኸው ነው። ግን ፓይ 5 ለዩኤስቢ መሰኪያዎቹ በጠቅላላ የሚሰጠውን ኤሌክትሪክ ከ1600 ወደ 600 ሚሊአምፒር ይቀንሳል።

እዚህ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ፣ ጽሑፌን ያነበበ አንድ ተማሪ ሃርድ ዲስኩን ሲሰካ ቀጭ ቀጭ እያለ ይጠፋበታል። ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ነበር። ቻርጀሩን ስንቀይር ወዲያው ሠራ። በጣም አዝኛለሁ።

ሌላም አለ። ፓይ 5 የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ አለው ብዬ ነበር፤ የለውም። ድምፁ በኤችዲኤምአይ (በስክሪኑ ገመድ) ወይም በዩኤስቢ ነው የሚወጣው። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን ይይዛል ያልኩት ልክ ነው፤ ሰዓቱን የሚያስኬደው ባትሪ ግን ለብቻው ይገዛል።