ከገመዱ ሥር ያጎነበሱ ልጆች

የምኖረው ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ደርሃም አካባቢ ነው። አገሩ በድንጋይ ከሰል የቆመ ነበር። ዛሬ ከሰሉ የለም። ኢዚንግተን የሚባለው ጉድጓድ በፈረንጆቹ 1993 ተዘግቶ ቦታው ሣር ለብሷል። በ1951 እዚያው ጉድጓድ ውስጥ በደረሰ ፍንዳታ 83 ሰው አልቋል። አያቶቹ ፍንዳታውን ያስታውሳሉ። ልጆቹ የሚያውቁት ሣሩን ነው።

በቀደም ልጄ ያለችበት የወጣቶች ቴአትር ቡድን ስለ ከሰል ቆፋሪዎች ሲለማመድ ቁጭ ብዬ አየሁ። ልጆቹ ቀጥ ብለው ቆመው ይቆፍራሉ፤ በመሃል ይሳሳቃሉ። አንድ ጡረታ የወጡ ቆፋሪ ከኋላ ተነሡና «እኔ በሠራሁበት በኩል ቆሞ መሥራት አልነበረም» አሉ። መድረኩ ላይ ከዳር እስከ ዳር፣ በልጆቹ ወገብ ልክ ገመድ አስወጠሩ። «ጣሪያው ይኼ ነው።»

ልጆቹ ከገመዱ ሥር ገብተው እንደገና ጀመሩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሣቁ ጠፋ። አንዱ ወገቡን ይዞ ወጣና «ስንት ሰዓት ነበር እንዲህ የምትውሉት?» አላቸው። ሽማግሌው እጃቸው ላይ ሰማያዊ ጠባሳ አለ። ቁስል የከሰል ብናኝ ይዞ ሲድን እንደዚያ ሆኖ ይቀራል። ልጆቹ ከበቧቸው፤ ጠባሳውን ተራ በተራ ነኩት።

አንድ ዓመት ገደማ የቆየውን፣ በፈረንጆቹ የ1984ቱን የከሰል ቆፋሪዎች አድማ እኮ ልጄ ከዚህ በፊት አጥንታዋለች። ያኔ አንድም ጥያቄ ይዛ አልመጣችም።

የዚያን ዕለት መኪና ውስጥ «አያቴስ ምን ነበር የሚሠራው?» አለችኝ።

«ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር።»

«ምን ያደርግ ነበር?»

መልስ አጣሁ። አባቴ ከሥራ ሲመጣ ልብሱ ዘይት ዘይት ይሸት ነበር። ከዚያ አልፌ ጠይቄው አላውቅም፤ አሁን የለም።

ድሬዳዋን የቆረቆራት ባቡር ነው። ሐዲዱ በፈረንጆቹ 1902 ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ከዚራ የባቡር ሰው ሰፈር ነበር፤ ፈረንሳይኛው፣ ዛፉ፣ ሁሉም ከሥራው ጋር የመጣ ነው። መድረካችን ስለ ነገሥታት ብዙ አሳይቶናል። ብሎን ሲያጠብቅ የኖረውን ሰው ግን ማን አሳየን? ይኼ በጣም ያንገበግበኛል። የሚያስታውሱት ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ።

በማግስቱ አጎቴ ጋ ደወልኩ። እሳቸውም የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። «ልጄ ስለ ሥራችሁ ልትጠይቅዎት ትፈልጋለች» ስላቸው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ከየቱ ልጀምርላት?» አሉኝ።

ልጄ ደብተሯ ላይ 11 ጥያቄ ጽፋለች። የመጀመሪያው «ስትሠሩ ቆማችሁ ነበር ወይስ አጎንብሳችሁ?» ይላል።