አንዴ ቢላ ያረፈበት ሆድ

«ኦፕራሲዮኑ እንኳ አልፏል፤ ይሄ እኮ ማቀዝቀዝ ብቻ ነው።»

ጓደኛዬ በቅርቡ ከዱባይ ደውላ ያለችኝ ይህን ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ኢስታንቡል ሄዳ ሆዷን አሠርታለች። ሁለቱንም ልጆቿን የወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። ቆዳዋ ላልቶ፣ የሆድ ጡንቻዋ መሃል ለመሃል ተከፍቶ ቀርቶ ነበር። እናቷ እንደ ወጉ በመቀነት ጥብቅ አድርገው አስረውላታል፤ አልተመለሰም። በቀዶ ጥገናው ግን ትርፉ ቆዳ ወጣ፣ ጡንቻው ተሰፋ፣ እሷም ደስ አላት።

አሁን ከእምብርቷ በላይና በጎኖቿ ትንሽ ቦርጭ መጥቶባታል። አንድ የውበት ክሊኒክ ስቡን በማሽን አቀዝቅዞ ሊያጠፋላት፣ «ያለ ቢላ፣ ያለ ማደንዘዣ፣ በአንድ ሰዓት» ብሎ ቅናሽ አድርጎላታል። ቀጠሮም ይዛለች።

«ሆድሽ እንደተሠራ ነግረሻቸዋል?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። «ጠባሳውን የልጆቹ ኦፕራሲዮን ነው እላቸዋለሁ። እነሱን ምን አገባቸው?»

በጣም ያገባቸዋል። ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ስብን ማቀዝቀዝ ባዶ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 በእንጨት ላይ የተሰካ አይስክሬም ሲመጥ የቆየ አንድ ሕፃን ጉንጩ ውስጥ ያለው ስብ መጎዳቱን የአሜሪካ ሐኪሞች ጽፈው ነበር። ስብ ከቆዳ ቀድሞ በብርድ ይጎዳል ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ቦስተን ያሉ የቆዳ ሐኪሞች፣ ዲተር ማንስታይንና ሮክስ አንደርሰን፣ ከዚህ ተነስተው ዘዴውን ሠሩት። ኩልስካልፕቲንግ የሚባለው ማሽን ከአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ከኤፍዲኤ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ለጎን ስብ፣ በ2012 ደግሞ ለሆድ ፈቃድ አገኘ። ኩባያ የመሰለ ነገር ሥጋውን በአየር ስቦ ይይዝና ያቀዘቅዘዋል። የተጎዱትን የስብ ሴሎች ሰውነት በሁለት በሦስት ወር ውስጥ ቀስ በቀስ ያስወግዳቸዋል። በተያዘው ቦታ የስቡ ውፍረት አንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ሚዛን ላይ ስትወጪ ግን ኪሎሽ ያው ነው።

ቢላ ባልነካው ሆድ ላይ ይህ ለብዙ ሰው በሰላም ያልፋል። የጓደኛዬ ሆድ ግን ሌላ ሆድ ነው። ቆዳዋን የሚያጠብቀው ሐኪም ቆዳውንና ስቡን ከጡንቻው ላይ ገልጦ እስከ ጎድን አጥንቷ ግርጌ አንስቶታል። በመሃል ሆድ በኩል ወደ ቆዳው የሚወጡት ደም ሥሮች ያን ጊዜ ተቆርጠዋል። ከዚያ ወዲህ ያ ቆዳ በአብዛኛው የሚኖረው ከጎን በሚመጣ ደም ነው። ነርቮቹም አብረው ተቆርጠዋል። ሆዳቸውን ያሠሩ ሴቶች ይህን ያውቁታል፤ ከእምብርት በታች ያለው ቦታ ለወራት ይደነዝዛል። አንዳንዷ ላይ ለሁልጊዜም ይቀራል።

ይህ መደንዘዝ ቀላል ነገር አይደለም። ስብን በብርድ ሳይሆን በሙቀት የሚያጠፉት ማሽኖች፣ ማለትም ሌዘሩም የሬዲዮ ሞገዱም፣ ሙቀታቸው የሚስተካከለው በአንቺ አንደበት ነው። ባለሙያዋ «አቃጠለሽ?» ትላለች፣ አንቺ «ኧረ ቀንሺው» ትያለሽ። የማይሰማሽ ከሆነስ? ቆዳው ይቃጠላል፣ አንቺ ዝም ብለሽ ተኝተሻል። ደሙም በደንብ ስለማይደርሰው ቁስሉ ቶሎ አይድንም።

ስቡን በላይፖሰክሽን ላስመጠጠች ሴትም ታሪኩ ከዚህ አይርቅም። ቱቦው ያለፈበት መንገድ ሁሉ ውስጥ ለውስጥ ጠባሳ ይሠራል። ጠባሳ ደግሞ እንደ ለስላሳ ስብ ተስቦ ኩባያው ውስጥ አይገባም። ከመሃሉ ያለው ለስላሳ ቦታ ብቻ ቀልጦ ጎድጓዳ ሊሆን፣ ጠባሳው እንዳለ ሊቀር ይችላል። የላይፖሰክሽን ቀዳዳ የምስር ፍሬ ያህል ስለሆነ፣ ካልተናገርሽ ማንም አይቶ አያውቅልሽም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሄርኒያ ነው። ሆድ በተከፈተበት ወይም በተሰፋበት ቦታ፣ በተለይ እምብርት አካባቢ፣ ግድግዳው ሳስቶ አንጀት ሊገፋበት ይችላል። ትንሽ ከሆነ ከላይ የሚታየው ቦርጭ የመሰለ እብጠት ነው። እሱን በኃይል ስቦ ማቀዝቀዝ ምን ሊያመጣ እንደሚችል አስቢው። የማሽኑ አምራቾች ራሳቸው ሄርኒያን፣ በቦታው ላይ ያለ ጠባሳንና በቅርቡ የተደረገ ቀዶ ጥገናን አስቀድሞ ሊነገራቸው ከሚገቡ ነገሮች ውስጥ ጽፈውታል። አንድ አልትራሳውንድ ብዙውን ጊዜ ይለየዋል።

ሌላም አለ። ሊንዳ ኢቫንጀሊስታ የተባለችውን የካናዳ ሞዴል ታስታውሷት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥታ ስቧ ይቀንሳል የተባለበት ቦታ ጭራሽ እንዳበጠና እንደጠጠረ ተናገረች። የማቀዝቀዝ ሕክምናውን ያደረገችው በ2015 እና በ2016 ነበር። የማሽኑን ኩባንያ ከሰሰች፣ በ2022 ተስማሙ። ችግሩ ከእሷ በፊትም፣ በ2014፣ በሕክምና መጽሔት ተመዝግቧል። ብዙ ጊዜ አይከሰትም። ሲከሰት ግን በስፖርትም በጾምም አይሄድም፤ መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ጥገና ነው። እንግዲህ ሆዷ አንዴ የተሠራች ሴት ይህ ቢደርስባት፣ ቢላን ለመሸሽ የሄደችበት መንገድ ወደ ቢላ ይመልሳታል። ያውም ጠባሳ በሞላበት፣ ደም ሥሩ በተቀየረ ሆድ ላይ።

ስብ አሟሚ መርፌውን ባጭሩ ልለፈው። ኤፍዲኤ በ2015 የፈቀደው ከአገጭ ሥር ላለ ስብ ነው። ለሆድ አይደለም። ተቆጣጣሪው ያልተፈቀዱ መርፌዎች ሰው ላይ ጠባሳና ኢንፌክሽን እንዳስከተሉ በ2023 አስጠንቅቋል።

ታዲያ ከሆድ ማሠራት በኋላ ምንም አይነካም ወይ? እንዲያ አልልም። ዓመታት ካለፉ፣ ቁስሉ በደንብ ከዳነ፣ በጣት የሚቆነጠጥ ለስላሳ ስብ ካለ፣ ቆዳው ከተሰማትና ሄርኒያ እንደሌለ ከታየ፣ አሮጌውን ስፌት የሚያውቅ ሐኪም ሊሠራው ይችላል። ችግሩ በአንድ ሰዓት ቅናሽ ውስጥ ይህ ሁሉ አለመኖሩ ነው።

ደግሞም ብዙ ጊዜ የተመለሰው ቦርጭ በጣት የሚቆነጠጥ አይደለም። ጠጠር ብሎ ከውስጥ የሚገፋ ነው። እሱ ከጡንቻው በታች፣ አንጀትን ከብቦ ያለው ስብ ነው። እዚያ ድረስ የሚዘልቅ ኩባያ የለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የብራዚል ጥናት አለ። 36 ሴቶች የሆዳቸውን ስብ አስመጠጡ። ግማሾቹ ስፖርት ሠሩ፣ ግማሾቹ አልሠሩም። ካልሠሩት ውስጥ የውስጠኛው ስብ በአማካይ 10 በመቶ ገደማ ጨመረ። በሠሩት ላይ አልጨመረም። ለጓደኛዬ መጀመሪያ የነገርኳት ይህንን ነው። አልወደደችውም።

አሁን ወደ ሚስጥሩ ልምጣ፤ ልቤን የሚነካው እሱ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በነርስነት ስሠራ ዓመታት ሆኖኛል። «ከዚህ በፊት ቀዶ ጥገና ተደርጎልሽ ያውቃል?» ስል «የለም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ በተለይ አስተርጓሚዋ የእህት ልጅ ወይም የባል ዘመድ ከሆነች። ነገሩ ይገባኛል። «በስፖርት ነው ያጠፋሁት» ብላ ለሰርግ የለበሰች ሴት፣ ወሬው ማኅበር ላይ እንዲደርስ አትፈልግም። መብቷ ነው። ከጎረቤት ትደብቅ፣ ከአማት ትደብቅ። ሆዷን ከሚነካው ሰው ግን አትደብቅ። አስተርጓሚዋን ውጪ አስቀምጪልኝ ማለት ይቻላል፤ ሲባልልኝም እናደርገዋለን።

ጥፋቱን ግን ሴቶቹ ላይ ብቻ አልጥልም። ዱባይም ይሁን አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን፣ ማሽን ያለው ቤት ሁሉ የቀዶ ጥገናውን ወረቀት ሳያይ፣ ሐኪም በእጁ ሳይዳስስ ሆድ ላይ ኩባያ ማሳረፍ የለበትም። ይህ ለደንበኛዋ ሐቀኝነት የሚተው ነገር መሆን የለበትም። ግዴታ ይሁን። ጠባሳ አይቶ ያልጠየቀ ክሊኒክ ገንዘቡን እንጂ እሷን አላያትም።

ጓደኛዬ ቀጠሮዋን አራዘመች። ኢስታንቡል ላለው ሆስፒታል ኢሜይል ጻፈች፤ በሁለተኛው ቀን ወረቀቱ መጣላት። በቱርክኛ ነው። የሥራ ባልደረባዋ ቁጭ ብላ አነበበችላት። ጡንቻዋ ሲሰፋ ከእምብርቷ በላይ ትንሽ ሄርኒያ ተገኝቶ ተዘግቷል ይላል። ይህን እስከ ዛሬ ማንም አልነገራትም፤ ወይም በማደንዘዣው ድንዛዜ ነግረዋት ረስታዋለች። ኩባያው ሊያርፍ የነበረው እዚያው ላይ ነው። ማክሰኞ አልትራሳውንድ ትነሳለች።