ላብ ስለፈሰሰ ብቻ አይበርድም
«ብዙ የሚያልበው ሰው ቶሎ ይቀዘቅዛል» የሚለው ላይ አልስማማም። የሚያቀዘቅዘን የላቡ መፍሰስ ሳይሆን ከቆዳችን ላይ መትነኑ ነው፤ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ሰመራ ስሠራ 40 ዲግሪ እያለፈም ሸሚዜ ደረቅ ነበር፣ ጀርባው ላይ ነጭ የጨው መስመር ብቻ ይቀር ነበር። ዱባይ ግን ነሐሴ ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ላቡ በክርኔ ጠብ ጠብ ይላል እንጂ አይተንም፣ ገላዬ እንደጋለ ነው የሚውለው። ለሙቀቱ «ቬንትሌተር ይበቃል» ያልከው ወንድሜ፣ የቆዳችን ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አየሩ ከዚያ በጣም ካለፈ በደረቅ ገላ ላይ የሚነፋብህ ትኩስ አየር ነው። መጀመሪያ ገላህን በውሃ አርጥበው። በሙቀት መሃል ንግግሩ የተምታታበት ሰው ካያችሁ ደግሞ፣ ቢያልበውም ባያልበውም፣ ቶሎ ጥላ ስር አስገቡትና ውሃ እያፈሰሳችሁበት አምቡላንስ ጥሩ።