የሙዝ ችግኝ ከጠርሙስ ሲወጣ

የምንበላው ሙዝ የሚዘራ ፍሬ ስለሌለው፣ የአርባ ምንጭ ገበሬ አዲስ ማሳ ሲያለማ ከነባር ማሳ ሰከር የሚባለውን ቀንበጥ ነቅሎ ይተክላል። በሥሩ ላይ ካለው አፈር ጋርም ኔማቶድ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ትሎችና ግንዱን የሚቦረቡረው ነቀዝ አብረው ይጓዛሉ። ተክልን በላቦራቶሪ ከትንሽ ቁራጭ የማራባት ዘዴ የሆነው ቲሹ ካልቸር ይህን ሰንሰለት ይበጥሳል፤ ከቀንበጡ እምብርት የተወሰደች ትንሽ የእድገት ጫፍ በኬሚካል ጸድታ፣ ሙራሺጌና ስኩግ የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጡትን ቀመር በተከተለ ምግብ ላይ በጠርሙስ ውስጥ ትራባለች፤ ከአንድ ቀንበጥም በመቶዎች የሚቆጠሩ ችግኞች ይገኛሉ።

ስለዚህ ቴክኖሎጂ ሲነሳ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ላቦራቶሪው ግንባታ ይሆናል። በእኔ እምነት ገንዘቡም ትኩረቱም ይበልጥ የሚያስፈልገው ከላቦራቶሪው በፊትና በኋላ ላሉት ሥራዎች ነው።

በፊት ያለው የእናት ተክል ምርመራ ነው። በኬሚካል ማጽዳት ፈንገስንና ኔማቶድን ያስወግዳል እንጂ በህዋስ ውስጥ የተቀመጠን ቫይረስ አይነካም። ስለዚህ ያልተመረመረ ተክል የገባበት ላቦራቶሪ በሽታውንም አብሮ ሊያባዛ ይችላል፤ «ከበሽታ ነጻ» የሚለው ቃልም ያለ ምርመራ ባዶ ተስፋ ነው።

በኋላ ያለው ችግኙን ከውጭው አየር ጋር ማላመድ ነው፤ ብዙ ልፋት የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። ከጠርሙስ የወጣ ችግኝ ሲያዩት ለምለም ነው። ነገር ግን በእርጥበት በታፈነ አየር ውስጥ ስላደገ ቅጠሉን የሚሸፍነው ሰም ስስ ነው፤ የቅጠሉ ቀዳዳዎችም በወጉ መዘጋት አይችሉም፤ ደረቅ አየር ላይ ቢተውት ብዙም ሳይቆይ ይጠወልጋል። ሥሩ ላይ የተጣበቀው ስኳር ያለበት የጠርሙሱ ጄል መሰል ምግብ ሻጋታ እንዳያመጣ በጥንቃቄ መታጠብ፣ ችግኙም በፕላስቲክ ተሸፍኖ ሽፋኑ ቀስ በቀስ እየተገለጠ ለሳምንታት መቆየት፣ ከዚያም በጥላ ሥር መጠንከር አለበት። ይህ ሳይሟላ የተከፋፈለ ችግኝ ማሳ ላይ ሲደርቅ፣ የወቀሳው ዕዳ በቴክኖሎጂውና በገበሬው ላይ ይወድቃል፤ ገበሬውም ዳግመኛ አይሞክረውም።

ለዚህ ሥራ የሚሆን እጅ ደግሞ አለን። የእንሰት አብቃይ ቤተሰቦች የአሚቾውን (ከመሬት በታች ያለውን የእንሰት ግንድ) እምብርት አውጥተው አሚቾውን በመቅበር ከአንድ ግንድ ብዙ ችግኝ ያፈራሉ፤ ችግኙንም ደረጃ በደረጃ ከቦታ ቦታ እያዛወሩ ያሳድጋሉ። ማላመጃ ቤቶች በየወረዳው ተቋቁመው በእነዚህ ሰዎች እጅ ቢተዳደሩ፣ ከከተማ ተጭኖ ከሚመጣ ችግኝ የተሻለ እንደሚጸድቅ አምናለሁ።

አቮካዶን የመሰለ በቲሹ ካልቸር ለማራባት አስቸጋሪ የሆነ ዛፍ ቅርንጫፉን በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ በማዳቀል (ግራፍቲንግ) ይቀጥል። ሙዝ ግን ለገበሬው ሲሰጥ የዝርያው ስም፣ እናቱ የተመረመረችበት ቀንና በማላመጃ የቆየበት ጊዜ በጽሑፍ አብሮት ሊሰጥ ይገባል።