አዲስ ሄሊኮፕተር በማግስቱ አይነሳም

ወንድሜ፣ ትናንት ፒያሳ ቡና ላይ «ፖሊስ አዲስ ሄሊኮፕተር ከገዛ አለቀ፤ የድሮው አብራሪ በማግስቱ ያስነሳዋል፤ መኪና መቀየር በለው» ያልከውን ላርመው። አብሽር፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ግን አይደለም።

የአብራሪ ፈቃድ ላይ የሄሊኮፕተሩ ዓይነት ይጻፋል። የእንግሊዝና የዌልስ ፖሊስ ኢሲ135 እና ኢሲ145 የሚባሉ ሁለት የሄሊኮፕተር ዓይነቶችን ሲያበር ኖሯል። የሁለቱም አምራች አንድ ነው። ቢሆንም አንዱን የሚያበር ሰው ሌላውን ሳይሰለጥንና ሳይፈተን አይነካውም። መካኒኩም እንደዚሁ። ካሜራ የሚይዘው ፖሊስማ ሌላ ጣጣ ነው፤ እየተናወጠ ካርታ ያያል፣ ሬዲዮ ይሰማል፣ ምድር ላይ ያሉትን ይመራል።

ደግሞ የእኛን አገር አስበው። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ደሴ ስትገባ ጆሮህ ይደፈን የለ? ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፤ ደሴ 2,500 ገደማ። አየር ሲሳሳ የሄሊኮፕተሩ የሚሽከረከር ክንፍ የሚይዘው ያጣል፤ ሞተሩም ይደክማል። ኮምቦልቻ ላይ ሰውና ነዳጅ ሞልቶ በቀላሉ የተነሳው፣ ከደሴ በላይ ባለው የጦሳ ተራራ አናት ላይ አየር ላይ ባለበት ለመቆም ሰው ወይ ነዳጅ መቀነስ ሊኖርበት ይችላል። ይህ ስሌት ለየዓይነቱ ይለያያል። አብራሪው ከመነሳቱ በፊት የሄሊኮፕተሩን የአቅም ሠንጠረዥ አይቶ፣ የዕለቱን ሙቀት ጨምሮ ያሰላዋል።