ያላወጣነው ገንዘብ የማን ነበር?

ወገኖቼ ሆይ፤ ስለዚያ የወረርሽኝ ዘመን ስናወራ ከአፋችን የማይጠፋ አንድ ቃል አለ፤ እርሱን ልገሥጽ፣ ከእናንተ ጋር ራሴንም ልገሥጽ ተነሥቻለሁ። «ያ ጊዜ ቁጠባን አስተማረን» እንላለን። «ስንቱን በከንቱ ስንበትን እንደኖርን ያኔ ገባን» እንላለን። ይህን የምንለው ደመወዛችን ሳይጓደል ቤታችን ተቀምጠን የሠራን ሰዎች ነን። በዚያው ወር፣ በዚያው በሽታ ምክንያት ጥሪቱን አሟጦ የጨረሰው ጎረቤታችን እንዲህ ሲል ግን ሰምተነው አናውቅም።

በሽታው አንድ ነበር፤ በየጓዳችን ያደረገው ግን አንድ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ይፋ ካደረገ በኋላ በነበሩት ወራት፣ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚገባለት ቤተሰብ ገንዘቡን የሚያወጣበት ቦታ አጣ። ትራንስፖርቱ፣ ጉዞው፣ ግብዣው፣ ከቤት ውጭ መመገቡ ሁሉ ቆመ፤ ገንዘቡም ሳይታሰብ በባንክ ሒሳቡ ተጠራቀመ። በአሜሪካ በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር ቤተሰቦች ግብር ከፍለው እጃቸው ከገባው ገቢ ከመቶ 30 በላይ የሚሆነውን ሳያወጡ አስቀርተዋል፤ በቀደመው ዓመት ይህ ድርሻ ከመቶ 10 አይሞላም ነበር። መንግሥት የሰጠው ድጎማ ለዚህ የራሱ ድርሻ ቢኖረውም፣ የሰው ጠባይ በአንድ ወር ተለውጦ ሁሉም ቆጣቢ ሆነ ማለት አይቻልም። በሮቹ ስለተዘጉ ነው ያልወጣው።

በሌላው ወገን ደግሞ ዛሬ ካልወጣ ዛሬ የሚበላው የሌለው ሰው አለ። ከዓለም ሠራተኞች ከመቶ 60 የሚሆኑት የሚተዳደሩት መደበኛ ባልሆነ ሥራ ነው፤ ውል የላቸውም፣ የሕመም ፈቃድ የላቸውም፣ «ከቤት ሥሩ» ቢባሉ የሚሠሩት የላቸውም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ የጠፋውን የሥራ ሰዓት ሲያሰላ 255 ሚሊዮን ሰዎች ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩት ሥራ ያህል ሆኖ አግኝቶታል። ቀድሞ ከነበራቸው ሥራ አንጻር ሲታይ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች የበለጠ ሥራ አጡ፤ ያልጠፋባቸውም ቢሆኑ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅ የሚይዝ፣ የታመመ የሚያስታምም ሌላ ሰው ስላልነበረ ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ሴቶች ሥራቸውን ለመተው ተገደዋል። የዓለም ባንክ እንደሚገምተው በዚያ በአንድ ዓመት ብቻ 70 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ወደ ከፋ ድህነት ተገፍተዋል።

ወገኖቼ፣ እነዚህን ሁለት ጉዳዮች ለየብቻቸው አትመልከቷቸው። የአንዱ ቤት ወጪ የሌላው ቤት ገቢ ነው። እኔ ጸጉሬን ባለመቆረጤ በኪሴ የቀረው ገንዘብ የጸጉር ቆራጩ የቤት ኪራይ ነበር፤ በታክሲ ባለመሄዴ የቀረው የሾፌሩ ልጆች ራት ነበር። ቤት መቀመጣችን ትክክል ነበር፤ ሕይወት አድኗልና ማንም እንዲጸጸትበት አልጠይቅም። የምወቅሰው ከዚያ በኋላ የሠራነውን ነው፤ ሳይደርሳቸው የቀረውን ገንዘብ የራሳችን ብልሃት ያፈራው አስመስለን ቆጠርነው።

ይህን የምለው በሰው ላይ ለመፍረድ አይደለም። ወጪዬን በደብተር የመመዝገብ ልማድ አለኝ፤ በዚያ ዓመት መጨረሻ ደብተሬን ገልጬ ስደምር ከወትሮው የተረፈኝን ባይ ደስ አለኝ፤ ለወዳጆቼም በኩራት አወራሁ። ከተረፈው ውስጥ ግን በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ ልብስ የሚያጥቡልኝ እናት ክፍያ ነበረበት። በሽታው ሲገባ «ነገሩ እስኪረጋጋ አይምጡ፤ ለእርስዎም ለእኔም ይሻላል» ብዬ አሰናብቻቸው ነበር። ነገሩ እስኪረጋጋ በምን እንደሚኖሩ ግን አልጠየቅሁም። እርሳቸውም ሰው ማስቸገር የማይወዱ ነበሩና አልነገሩኝም። በደብተሬ ላይ «የልብስ እጥበት» የሚለው ረድፍ ወር ከወር ባዶ ሲሆን እያየሁ፣ ያ ባዶ ቦታ የአንድ ቤት ጓዳ መሆኑ አልታየኝም።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ በተጎዳው ቤት ደጃፍ ላይ ቆማችሁ ስለ ቁጠባ አትስበኩ። መቀነት ማጥበቅ የሚቻለው መቀነቱ የሚታጠፍበት ወገብ ሲኖር ነው። ገቢው አነስተኛ የሆነ ቤተሰብ ቀድሞም አብዛኛውን ገንዘቡን የሚያውለው ለምግብ፣ ለኪራይና ለመብራት ነው፤ ከዚህ ውስጥ የትኛውን ቀንስ ትሉታላችሁ? እንዲያውም በዚያ ወቅት ወጪው ጨመረበት። ሳሙናና ጭምብል ተጨመሩ፤ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ሲርቁ ልጁ በስልክ እንዲማር የኢንተርኔት ክፍያ ተጨመረ። እኛ ደግሞ ባለን ገንዘብ የወራት ቀለብ በአንድ ጊዜ ሸምተን ቤታችንን ሞላን። በማግስቱ የዕለቱን ብቻ ለመግዛት የመጣው ሰው ባዶ መደርደሪያ፣ ወይም ትናንት ያልነበረ ዋጋ ጠበቀው። በጅምላ መግዛት የሚችል በርካሽ ይገዛል፤ በጥቂት በጥቂቱ የሚገዛ ለዚያው ዕቃ የበለጠ ይከፍላል። ይህ በደህናውም ጊዜ ያለ ነገር ነው፤ በችግር ቀን ግን በእኛ ሽሚያ ይብሳል።

በተጎዳው ቤት ችግሩ እንዴት እንደሚገባ ያየ ሰው ቁጠባን ለመስበክ አይደፍርም። መጀመሪያ የሚቀረው ልብስና ጫማ ነው፤ ቀጥሎ ለክፉ ቀን የተቋጠረችው ትፈታለች፤ ቀጥሎ ብድር ይመጣል። መጨረሻ ላይ ዕቃ ይሸጣል። ገዢ የሚያገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ እንጀራ የሚበላበት ዕቃ ነው፤ የልብስ ስፌት መኪናው፣ ጋሪው፣ የሙያ መሣሪያው። ወረርሽኙ አልፎ በሩ ሲከፈት እኛ ያጠራቀምነውን ይዘን ወጣን፤ ያ ሰው ግን የሚሠራበትን ሸጦ፣ ወለድ ተሸክሞ ነው የወጣው። የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ የጤና ሥጋቱ ማብቃቱን የገለጸው እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 ነው፤ ያ ዕዳ ግን ከዚያ ቀን ጋር አላበቃም።

ሌላ ዓይነት ልብም እንደነበረ ግን መካድ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2020 የመጀመሪያ ወራት በስደት ያሉ ሠራተኞች ወደ ድሃና መካከለኛ ገቢ ወዳላቸው አገሮች የሚልኩት ገንዘብ በአንድ አምስተኛ ያህል ይወድቃል ተብሎ ተሰግቶ ነበር። በመደበኛው መንገድ ከተላከው የቀነሰው ግን ከመቶ 2 እንኳ አልሞላም። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ሥራ ያጡ፣ በጠባብ ክፍል ተፋፍገው የሚኖሩ፣ ለበሽታውም ከማንም በላይ የተጋለጡ ነበሩ። ከራሳቸው ጉሮሮ ነጥቀው ላኩ። እኛ ደመወዛችን ሳይነካ ከደጃችን ላለው ሰው ያልቻልነውን እነርሱ ባሕር ማዶ ሆነው ችለውታል፤ ይህን ሳስብ አፍራለሁ።

እናንተ የተጎዳችሁ ወገኖቼ፣ ለእናንተ ተግሣጽ የለኝም፤ አንድ ልመና ብቻ አለኝ። በዚያ ጊዜ የተበደራችሁትን ከትዳር ጓደኛችሁ ደብቃችሁ ለብቻችሁ የምትሸከሙ ካላችሁ ንገሩ። ስንፍናችሁ ወይም አባካኝነታችሁ አልነበረም ለዕዳ የዳረጋችሁ፤ ይህን የሚያውቅላችሁ ሰው ከአጠገባችሁ ሊኖር ይገባል።

ሌሎቻችን ግን የዚያን ዘመን ሒሳብ እንደገና እንግለጥ። ደብተር የሌለው በልቡ ያስታውስ። ወረርሽኙ ሲገባ «ቆይ» ብለን ያሰናበትናቸውን ሰዎች ስም እንጻፍ፤ ያጠቡልን፣ ያበሰሉልን፣ ልጆቻችንን ያስጠኑልን፣ አጥራችንን የጠበቁልን እነማን ነበሩ? ስንት ወር ቆዩ? በወሩ ስንት እንከፍላቸው ነበር? ስልካቸው ያለን እንደውል፣ የሌለን ሰው እንጠይቅ። ስናገኛቸውም ዕዳ ቀርቶባቸው እንደሆነ እንጠይቃቸው፤ ካለባቸውም ያን ጊዜ በእጃችን ከቀረው ገንዘብ ላይ እንክፈል። እኔ እኒያን እናት ለማግኘት ሁለት ሰፈር ተመላልሻለሁ። የኪራይ ብድራቸውን አሁንም በየወሩ እየከፈሉ ነበር።